ችግኝ መግዛት ያቆመ ሰው ካለ እንዴት እንደቻለ ይንገረኝ

የአራተኛ ፎቅ ገበሬ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:15
ሰላም ለሁላችሁ። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፣ ከልቤ ነው የምጠይቀው።

የምኖረው ኮንዶሚኒየም ነው። አራተኛ ፎቅ፣ ባለ ሁለት መኝታ። በረንዳችን ሁለት ወንበርና አንድ ረከቦት ከያዘ ሞላ የሚባል ነው። አሁን ወንበሮቹ ሳሎን ገብተዋል። በረንዳው ላይ ጽጌረዳ አለ፤ ጌራኒየም በየቀለሙ አለ፤ ጤና አዳም፣ የጥብስ ቅጠል፣ ጠጅ ሳር፣ በቀለም ባልዲ ቆስጣ፣ በዘይት ጀሪካን ቃሪያ። የልብስ ገመዱ ላይ ሐረግ ወጥቶበታል፤ ስለዚህ ልብስ የምናሰጣው ኮሪደር ላይ ነው። ቤት ውስጥ ሳንሴቬሪያ፣ መኒ ፕላንት፣ ሞንስቴራ። ሻወር ቤት ፈርን። ቁጥራቸውን አትጠይቁኝ፣ መቁጠር ትቻለሁ።

ያጠፋኝ መንገዴ ነው። ከሥራ ስመለስ ታክሲው ችግኝ ሻጮቹ ጋ ሲደርስ «ወራጅ አለ» የምትለው እኔ ነኝ። ለማየት ብቻ ነው የምወርደው። ከዚያ አንዷ ትንሽዬ፣ ዋጋዋ ከማኪያቶ ብዙም የማይርቅ፣ ዓይኔ ውስጥ ትገባለች። ሁለት ከወሰድሽ ይቀንስልሻል። በሁለቱም እጄ ፌስታል ይዤ ቤት እገባለሁ።

ውሃችን ደግሞ በፈረቃ ነው፤ ሲመጣም ግፊቱ አራተኛ ፎቅ አይደርስም። ባለቤቴ ጥሩ ሰው ነው። ግን ጀሪካን ተሸክሞ ደረጃውን ሲወጣ የሚያየኝ አስተያየት አላማረኝም።

«አትግዢ» ልትሉኝ ከሆነ እሱን እናቴም ብላኛለች። ሌላ ነገር ንገሩኝ።

ሰሚት ነኝ | 2:31
ፈርኑ ሻወር ቤት ውስጥ ተስማምቶታል? መስኮት አለው?

የአራተኛ ፎቅ ገበሬ | 2:33
ትንሽ መስኮት አለው። በጣም ተስማምቶታል፣ እንፋሎቱን ይወዳል።

ሰሚት ነኝ | 2:34
በቃ ነገ እገዛለሁ። አመሰግናለሁ።

ዝምተኛዋ | 2:40
አስቁሙኝ ብላ መጥታ ሌላ ሰው አስጀመረች ሃሃሃ

ችግኝ አፍላቂ | ከምሽቱ 3:05
ችግኝ አፍልቼ ነው የምሸጠው። ይሄን መናገር በገዛ እንጀራዬ ላይ መቆም ነው፤ ቢሆንም ልንገርሽ።

የእኛ ገበያ መስከረምና ጥቅምት ነው። ክረምቱ አልፎ ፀሐይ ስትወጣ ሁሉም ነገር ያብባል፤ ሰውም ልቡ ይከፈታል። ያበበውን ሁልጊዜ ከፊት ነው የምናስቀምጠው። አንቺ የምታዪው አበባውን ነው። ያ አበባ ግን ከፕላስቲኩ ወጥቶ፣ አፈር ቀይሮ፣ በታክሲ ተንገላትቶ አራተኛ ፎቅ ሲደርስ ብዙ ጊዜ ይረግፋል። የምትገዢ ከሆነ እምቡጥ የያዘውን ውሰጂ።

ሁለተኛ፣ ግንዱን በሁለት ጣት ያዢና በቀስታ ወደ ላይ ሳብ አድርጊው። ከአፈሩ ጋር ካልተያያዘና ውልቅ ውልቅ ካለ ሰሞኑን ከመሬት ተነቅሎ ፕላስቲክ ውስጥ የገባ ነው። ሥር አልያዘም። በተቃራኒው ሥሩ ከፕላስቲኩ ሥር ወጥቶ ከተጠማዘዘ እዚያ ውስጥ ብዙ ቆይቷል ማለት ነው። የሚቀር ችግኝ ነው፣ ዋጋውን አስቀንሺ።

ሦስተኛ፣ ለበረንዳ ዛፍ አትግዢ። ከፍሬው የበቀለ አቮካዶ ለማፍራት ብዙ ዓመት ይፈጃል፤ የሚሰጠውም ፍሬ እናቱን ላይመስል ይችላል። ቶሎ የሚያፈራው የተዳቀለው ነው። እሱም ቢሆን መሬት ይፈልጋል። አፕልም እንደዚሁ። ከጨንቻ የመጣ ነው ሲባል ሰው ይጓጓል። ግን አፕል አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን አያፈራም፣ በአቅራቢያው ሌላ ዓይነት አፕል ሊያብብለት ይገባል። አንድ አፕል በአንድ ባልዲ የገዙ ደንበኞች አሉኝ። እየመጡ «መቼ ነው የሚያፈራው?» ይሉኛል። ምን ልበል?

በመጨረሻ፣ ጥሩ ሻጭ «ፀሐይ በየት በኩል ነው የሚገባላችሁ?» ብሎ ይጠይቃል። አሥር ሰው ብጠይቅ ዘጠኙ አያውቅም። እሱን ሳትመልሺ ቦርሳሽን አትክፈቺ።

የባልየው ወገን | 3:20
በመጨረሻ ስለ ባል የሚነገርበት ቦታ መጣ። እኔም እንደ ባለቤትሽ ተሸካሚ ነኝ። ሙያዬ ግን ግንባታ ነው፤ ስለዚህ ከመነጫነጭ በፊት ሙያዬን ልናገር።

ባለ 20 ሊትር የቀለም ባልዲ እርጥብ አፈር ሲሞላ 30 ኪሎ ያልፋል። እንዲህ ዓይነት አምስት ባልዲ ከደረደርሽ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ሌት ተቀን በረንዳሽ ላይ ቆመዋል ማለት ነው። የኮንዶሚኒየም በረንዳ ብዙ ጊዜ ከሕንፃው ወደ ውጭ የወጣ ነው፤ ከሥሩ ምሰሶ የለውም። ከባዱን ዕቃ ሁሉም ሰው ለዓይን እንዲያምር ብረቱ ጋ፣ ጫፉ ላይ ነው የሚደረድረው። አትድርጉት። ከባዱ ግድግዳው ሥር ይሁን፣ ቀላሉ ጫፍ ላይ። አፈሩን ከኮምፖስትና ከገለባ ጋር ቀላቅሉት፣ ክብደቱ ይቀንሳል። ብረቱ ላይ ወደ ውጭ የሚንጠለጠል ነገር ደግሞ ፈጽሞ አይሁን። ከሥር ሕፃናት ይጫወታሉ።

ሻጩ ስለ ፀሐይ ያነሳው ትክክል ነው፤ እኔ ልጨምርበት። አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በአንድ በኩል አትሄድም። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ እኩለ ቀን ላይ ወደ ሰሜን ታጋድላለች። በቀረው ጊዜ ወደ ደቡብ። በረንዳሽ ወደ ደቡብ የዞረ ከሆነ አሁን በጥቅምት ፀሐይ እስከ ውስጥ ድረስ ይገባልሻል፤ ሁሉም ነገር የሚያድግልሽ ይመስልሻል። ክረምት ላይ ግን ደመናው አንድ ነገር፣ ፀሐይዋ ደግሞ ከጣራው ወዲያ ማዶ ናት። ጽጌረዳው የሚከሳው ለዚህ ነው። ሚስቴ ይሄን እስክታምነኝ ድረስ ስንት ጽጌረዳ ቀበርን።

ሦስተኛ ፎቅ | 3:44
እኔ ከሥር የምኖረው ነኝ። የአንቺ ሳይሆን የሌላ ሰው ጎረቤት ነኝ፣ አትደንግጪ። በረንዳዬ ላይ ነጠላ አጥቤ ሳሰጣ ከላይ ጭቃ ውሃ ይወርዳል። ሄጄ ስናገር «ይቅርታ፣ ትንሽ ነው» ትለኛለች። አበባ የሚተክል ሰው ሁሉ ደግ ነው የሚባለውን አላምንም። ከእያንዳንዱ ሸክላ ሥር ሳህን አድርጉ። ጀሪካን ቆርጣችሁም ቢሆን።

የአራተኛ ፎቅ ገበሬ | 3:50
አሁኑኑ ወጥቼ ሳህን የሌላቸውን ላያቸው ነው።

ቨርጂኒያ ጎመን | ረቡዕ፣ ከሌሊቱ 9:10
እዚህ አሜሪካ ክረምቱ ራሱ ያስቆመናል። ኅዳር ሲገባ ውርጩ በአንድ ሌሊት ሁሉንም ያጠቁረዋል፤ እስከ ሚያዝያ ውጭ የሚተከል ብዙ ነገር የለም። ግን አትቅኑብን። በጋ ሲመጣ የስድስት ወሩን ናፍቆት በአንድ ቅዳሜ ነው የምንገዛው። ጎመን፣ ቃሪያ፣ በሶብላ።

አንድ ነገር ላጫውታችሁ። እናቴ ጉራጌ ናት። አንድ ቀን የችግኝ መደብር ውስጥ ስዞር ቅጠሉ የቀላ ትልቅ ተክል አየሁ። የሙዝ ዘር ነው ብለው ለግቢ ማስጌጫ ይሸጡታል፤ ስሙ ላይም አቢሲኒያ የሚል አለበት። ጠጋ ብዬ ባየው እንሰት! ለካ ይሄ ነገር ለፈረንጅ አዲስ አይደለም። ጀምስ ብሩስ የሚባለው ስኮትላንዳዊ ተጓዥ በ1790 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ ስለ እንሰት ጽፎ ሥዕሉንም አስቀምጦታል። ዋጋውን አልናገርም፣ ገዛሁት። ፎቶ ለእናቴ ስልክላት «ቆጮው መቼ ይደርሳል?» አለችኝ።

ቅዝቃዜ ሲመጣ ነቅዬ፣ ቅጠሉን ቆርጬ፣ አፈሩን አራግፌ ምድር ቤት አስቀምጠዋለሁ። በፀደይ መልሼ እተክለዋለሁ። ልጆቼ አብሮን የሚኖር ዘመድ አድርገውታል። ይሄን ያህል ልፋት ለአንድ ተክል ስታወጪ ሌላ አሥር ለመግዛት ጉልበት አይኖርሽም። የእኔ ምክር ይሄ ነው። አንድ አስቸጋሪ ነገር ያዢ።

ብዙ አንባቢ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2:20
የአራተኛ ፎቅ ገበሬ፣ ብቻሽን አይደለሽም። ሆላንዶች በ1637 እ.ኤ.አ. ለአንድ የቱሊፕ ሥር የቤት ዋጋ የሚጠጋ ገንዘብ ይጠራሩ ነበር፤ በዚያው ዓመት የካቲት ላይ ገበያው ተንኮታኮተ። እንግሊዞች በ1850ዎቹ ፈርን ላይ አብደው ጫካውን ሁሉ ፈርን ለቀማ ወጥተውበታል። ሩቅ አትሂጂ፤ በ2021 እ.ኤ.አ. ኒውዚላንድ ውስጥ ቅጠሉ ነጭ የተቀላቀለበት አንድ የቤት ውስጥ ተክል ከ27,000 የኒውዚላንድ ዶላር በላይ በኢንተርኔት ጨረታ ተሽጧል። ቅጠሎቹ አሥር አይሞሉም።

ዝምተኛዋ | 2:26
ይሄን ለባሌ ነው የማነብለት። «አየህ፣ እኔ ደህና ነኝ» እለዋለሁ።

እማማ ጤና አዳም | ረቡዕ፣ ከቀኑ 5:15
ልጄ ጽፋልኝ ነው። እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች።

ችግኝ በገንዘብ ሲገዛ ያየሁት አዲስ አበባ ነው። እኛ አገር ጤና አዳም የሚገኘው ከጎረቤት ነው። ቡና ስትጠጪ ታዪና «እቺን ዘንጠፍ አድርጊልኝ» ትያለሽ። ሰጪዋም ደስ ይላታል፣ ምክንያቱም ሲቆረጥ ነው የሚያቆጠቁጠው። የጥብስ ቅጠል እንደዚያ ነው። ጌራኒየም እንደዚያ ነው። ጽጌረዳም በክረምት፣ እንደ እርሳስ የወፈረ ቅርንጫፍ፣ በስለት ተቆርጦ፣ ግማሹ አፈር ውስጥ ገብቶ ይይዛል። የታችኛውን ቅጠል አራግፊው። አበባም አይኑርበት፣ ጉልበቱን ይጨርስበታል። እና ቶሎ ቶሎ እየነቀልሽ «ሥር አወጣ ወይ» እያልሽ አትዪው። ዘንድሮ ልጆች ትዕግሥት የላችሁም።

ዳማ ከሴ አለሽ? ከዘረዘርሽው ውስጥ አልሰማሁም። ምች ሲመታሽ ምን ልታደርጊ ነው? ያን ሁሉ ገዝተሽ ዳማ ከሴ ከሌለሽ ምኑን ተከልሽ።

ሻወር ቤት ውስጥ የሚበቅለው ነገር አልገባኝም። ይቅር።

የአራተኛ ፎቅ ገበሬ | 5:40
እማማ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዳማ ከሴ የለኝም። አፈርኩ። ሻጮቹ ጋም አይቼው አላውቅም።

ችግኝ አፍላቂ | 5:52
እኛ ጋ ብዙ ጊዜ አናፈላውም። አበባው ዓይን አይስብም፣ ሰው አይጠይቀንም።

የደመወዝ ቀን | ረቡዕ፣ ከቀኑ 8:05
እኔ ትንሽ ቁም ነገር ላምጣ። እኔም ችግኝ ሰብሳቢ ነበርኩ፤ ነኝም። አንድ ጊዜ የገዛሁባቸውን ቀኖች ወደ ኋላ ሄጄ በቴሌብር መልእክቶቼ አየኋቸው። ሁሉም ማለት ይቻላል ሥራ ቦታ የተደበርኩባቸው ቀናት ናቸው። ስብሰባ ላይ ተዘልፌ፣ ማታ ጽጌረዳ። ግምገማ፣ ሁለት ካክተስ። ችግኝ የሚያምርሽ ደስ ብሎሽ ነው ወይስ ከፍቶሽ? እሱን መጀመሪያ እዪው። «ብር አልያዝኩም» የሚባለው መከላከያ ድሮ ነበር የሚሠራው፤ አሁን ስልክሽን ይዘሽ ቆመሽ ማንን ታታልያለሽ።

ነፃ ሰው | 8:12
እስኪ ሱስ ሱስ አትበሉት። ጫማ የሚያከማቸውን ማን ጠየቀው? ድራፍት ላይ የሚያጠፋውንስ? ችግኝ ነው የገዛችው። ዓይን ያሳርፋል። ተዉአት።

የባልየው ወገን | 8:19
ጫማ ውሃ አይጠጣም ወንድሜ።

ነፃ ሰው | 8:20
ድራፍትስ?

የባልየው ወገን | 8:21
ድራፍት አራተኛ ፎቅ አልሸከምም።

የሁለት ልጆች እናት | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1:30
ልጅ ያላችሁ አንድ ነገር። ከመግዛታችሁ በፊት መርዝ መሆን አለመሆኑን እወቁ። ዲፈንባኪያ የሚባለው ሰፊ ቅጠሉ ነጭ ነጠብጣብ ያለበት በየቢሮው ያለው ተክል፣ ልጅ ቅጠሉን ካኘከ አፉንና ምላሱን ያቃጥለዋል፣ ያሳብጠዋል። በየአጥሩ ያለው ኦሊያንደር ደግሞ ከዚያ የባሰ ነው፤ ልብ ድረስ ይሄዳል። ጎንበስ ብሎ የሚያብበው የመለከት አበባም መርዝ ነው። እኔ ቤት የሚገባው ልጅ ቢበላው የማይጎዳው ብቻ ነው ብዬ ስወስን የሚገዛው በአንድ ጊዜ በግማሽ ቀነሰ። ሳላስበው።

ነታንያ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3:00
ከእስራኤል ነኝ። እዚህ ሃይማኖቱን የሚጠብቅ ሰው በየሰባት ዓመቱ መሬቱን ያሳርፋል። ሽሚታ ይባላል። ያለፈው ከመስከረም 2021 እስከ መስከረም 2022 እ.ኤ.አ. ነበር፤ ቀጣዩ በ2028 ይገባል። በዚያ ዓመት አዲስ ነገር መሬት ላይ አይተከልም፤ ያለውን እንዳይሞት ብቻ ነው የሚያጠጡት። እናቴ ትጠብቀዋለች። መጀመሪያ ጨንቋት ነበር። በኋላ ግን ያሏትን ተክሎች ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ ያየቻቸው ያን ዓመት ነው፤ የትኛው ታሟል፣ የትኛው ጠቦታል።

እንዳታመሰግኗት ግን። ሽሚታው ከመግባቱ በፊት በነበረው ወር የገዛችውን እኔ ነኝ በመኪና ያመላለስኩት።

ለጤና አዳም የሚናፍቅ እዚህ ካለ ገበያ ላይ ፒጋም ብላችሁ ጠይቁ። የቅርብ ዘመዱ ነው፤ ቡናው ላይ ልዩነቱ አይታወቅም።

ኩዌት ያለሁት | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 5:20
እኔ የሰው ቤት ነው የምሠራው። መስኮቴ ላይ አንድ የወተት ጣሳ በሶብላ አለኝ። በጋ ላይ ሙቀቱ 50 ስለሚጠጋ ቀን ቀን ወደ ውስጥ አስገባዋለሁ። ማዳም ለወጥ ትለምነኛለች፣ ጫፍ ጫፉን እሰጣታለሁ። ሁላችሁንም በደስታ ነው የማነበው። እህቴ፣ የጌራኒየሞቹን ፎቶ ለጥፊልን።

የአራተኛ ፎቅ ገበሬ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2:00
ኩዌት ያለሽው እህቴ፣ ነገ ጠዋት በፀሐዩ አንስቼ እለጥፍልሻለሁ። ቀዩ በጣም ነው የሚያምረው።

ሁሉንም አንብቤአለሁ። ያደረግኩትን ልንገራችሁ። በመጀመሪያ ወደ የት እንደዞርን አየሁ። ደቡብ ነው። ስለዚህ ጽጌረዳዎቹ ክረምት ላይ ለምን እንደሚከሱ ገባኝ። ከባልዲዎቹ ከባዶቹን ከባለቤቴ ጋር ወደ ግድግዳው አዛወርናቸው። «መሐንዲሱ ማን ነው፣ ቢራ ልጋብዘው» ብሏል።

ሁለተኛ፣ በውሃ ለካሁት። በአንድ ፈረቃ ለተክሎች የሚተርፈን ሁለት ጀሪካን ነው። ሁለት ጀሪካን የማያጠጣው ነገር በረንዳዬ ላይ ቦታ የለውም ብዬ ወሰንኩ። ሳንሴቬሪያው በጭራሽ አልተቸገረም፤ እንዲያውም ሳበዛበት ነው የከረምኩት፣ አፈሩ እስኪደርቅ መጠበቅ ነበረብኝ። ቆስጣው ግን ጠጪ ነው። ከብሎካችን ጀርባ ባዶ ቦታ አለ፤ ኮሚቴውን ጠይቄ ቆስጣና ጽጌረዳው ወደዚያ ይወርዳሉ። እዚያ የዝናብ ውሃ የሚያጠራቅም አሮጌ ሮቶ አለ። ጥበቃው ጋሼ ቆስጣውን እያየ «እኔ አጠጣልሻለሁ» ብለዋል። የሚበላውም እሳቸው እንደሆኑ ሁለታችንም እናውቃለን።

አንድ ብቻ አንስማማም። የደመወዝ ቀን፣ እኔ ደስ ሲለኝም እገዛለሁ። አየሁት።

አሁን ከሥራ ስመለስ ታክሲውን ከአንድ ፌርማታ በፊት ወርጄ በሌላ መንገድ ነው የምሄደው። ትናንት ግን በዚያም በኩል አንድ ልጅ በጋሪ ላቬንደር ይዞ ቆሟል። ምን ዓይነት ከተማ ነው?

ችግኝ አፍላቂ | 2:09
ላቬንደሩን በፀሐይ በኩል አድርጊው፤ ውሃ አታብዢበት።

የአራተኛ ፎቅ ገበሬ | 2:10
ገዛሁ አላልኩም!

ችግኝ አፍላቂ | 2:11
አልገዛሁምም አላልሽ።

እንጦጦ በታች | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2:45
እኔ ጋ ዳማ ከሴ ሞልቷል፤ አጥር ሆኗል። ሥር ያለው ነቅዬ ልሰጥሽ እችላለሁ። በለውጡ ከጌራኒየሞቹ ቁራጭ ብታመጪልኝ? እንሶስላም አለኝ። የእጅና የእግር ማቅለሚያው ሥሩ ነው እንጂ አበባውም ያምራል። ነጭ ሆኖ ውስጡ ሐምራዊ ነው፣ ሽታው ማታ ማታ ነው።

የአራተኛ ፎቅ ገበሬ | 2:47
እንሶስላ?! ፀሐይ ይፈልጋል?

እንጦጦ በታች | 2:49
ጥላና እርጥበት ነው የሚወደው። በዱር የሚበቅለው ወንዝ ዳርና ጫካ ሥር ነው። ለበረንዳ አልመክርም፤ ከብሎኩ ጀርባ ግን ከሮቶው አጠገብ ይሆናል።

እማማ ጤና አዳም | 2:55
ዳማ ከሴውን ለእሷ ስትሰጪ ለእኔም አስቀሪልኝ። የእኔው አርጅቷል። ልጄ ትመጣለች።

እንጦጦ በታች | 2:58
እሺ እማማ። ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ሽሮ ሜዳ። ሥሩ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ነው የሚመጣው፣ ፌስታል አልወድም። ካርቶን ይዛችሁ ኑ።

ሰሚት ነኝ | 3:01
እኔም መምጣት እችላለሁ? የምለውጠው ፈርን አለኝ።